ሊሄድ የተነሣ መሪና የጎደለ ካዝና

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የአንድ መሪ የሥልጣን ማብቂያና የበጀት ቀውስ ሲገጣጠሙ ሁለት ዓይነት ምክር ይበዛል። አንዱ «መሄዱ ነው፤ እጁን ሰብስቦ ይቀመጥ፣ ለሚመጣው ይተውለት» ይላል። ሌላው «እስከ መጨረሻዋ ቀን መሪ ነው፤ የሚፈርመውን ይፈርም» ይላል። የካዝናን ሥራ በቅርብ ለሚያውቅ ሰው ሁለቱም አያስኬዱም። ደመወዝ፣ ጡረታና የዕዳ ክፍያ ርክክቡ እስኪያልቅ ቆመው አይጠብቁም። ዛሬ የተፈረመ የሦስት ዓመት ውል ደግሞ የሚከፈለው ባልፈረመው ሰው ዘመን ነው።

ተሰናባች መሪ ከሌላው የሚለይበት ነገር ቢኖር ለሚቀጥለው ምርጫ የማይፈራ መሆኑ ነው። ስለዚህ ወቀሳ የሚያስከትለውን ሥራ እሱ ሠርቶት ይሂድ፤ ገንዘቡ ወዴት ይሂድ የሚለውን ውሳኔ ግን ለተተኪው ያቆይለት። ብዙዎቹ የሚያደርጉት የዚህን ግልባጭ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንዲሉ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት የግዢ ትዕዛዝ ይጎርፋል፣ ቅጥር ይፋጠናል፣ ደስ የሚል ነገር ሁሉ ይፈረማል፤ ሒሳቡ ለሌላ ይቀራል።

ሥራውን በአግባቡ የሠራ ሰው ለማየት ወደ አሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ልሂድ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አፈ ጉባኤ ጆን ቤይነር ሥልጣን እንደሚለቁ ያሳወቁት ሴፕቴምበር 25 ቀን 2015 ነበር። የአገሪቱ የበጀት ዓመት የሚያልቀው ሴፕቴምበር 30 ስለሆነ አምስት ቀን ብቻ ቀርቶ ነበር ማለት ነው። የቆሸሸ ጋጣ ለተተኪዬ አላስረክብም አሉና ሥራውን በሁለት ከፈሉት። በመጀመሪያ እስከ ዲሴምበር 11 ፋታ የሚሰጥ ጊዜያዊ በጀት አቀረቡ፤ በመጨረሻዋ ቀን በ277 ድጋፍና በ151 ተቃውሞ አለፈ። ቀጥሎ የቀረቻቸውን አንድ ወር ለዋናው ድርድር አዋሏት። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የዕዳ ጣሪያው፣ ማለትም መንግሥት እንዲበደር የተፈቀደለት ከፍተኛ መጠን፣ ካልተነሣ የቀሩት መላዎች ኖቬምበር 3 ገደማ እንደሚሟጠጡ አስጠንቅቀው ስለነበር ቀጠሮው የታወቀ ነበር። ስምምነቱ የወጪ ጣሪያውን በሁለት ዓመት ውስጥ በ80 ቢሊዮን ዶላር ከፍ አደረገ፤ 50ው ለመጀመሪያው፣ 30ው ለሁለተኛው ዓመት። የዕዳ ጣሪያውንም እስከ ማርች 15 ቀን 2017 አገደው።

ድምፁን ልብ ብለን እንመልከተው። ኦክቶበር 28 ቀን በ266 ለ167 ነው ያለፈው። የተቃወሙት 167ቱ በሙሉ የራሳቸው የቤይነር ፓርቲ አባላት ናቸው፤ ከፓርቲያቸው የደገፉት 79 ብቻ ነበሩ። ወንበሩ ላይ ሊቆይ የሚፈልግ አፈ ጉባኤ እንዲህ ያለ ድምፅ አሰጥቶ አያድርም። በማግስቱ ፖል ራያን ተመረጡ። ራያን ስምምነቱ የተደረሰበትን መንገድ ነቅፈው ነበር፤ ግን በድጋፍ ድምፅ ሰጥተው ከዕዳ ጣሪያ ፍልሚያ ነፃ የሆነ ወንበር ተረከቡ። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ቤይነር ያልነኩት ነገር ነው። ጣሪያውን ወሰኑ እንጂ በጣሪያው ሥር የትኛው መሥሪያ ቤት ስንት ያግኝ የሚለውን አልወሰኑም፤ እሱ እስከ ዲሴምበር እንዲሠራ ለተተኪው ቀረ። ዘመኑም ሁለት ዓመት እንጂ አሥር ዓመት አልነበረም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሦስት ወር የቀረው መሪ ጉድለት ሲገጥመው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ «ሁሉም መሥሪያ ቤት 10 በመቶ ይቀንስ» የሚል ሰርኩላር ነው። ፍትሐዊ ይመስላል፤ አይሠራም። በወር 100 የሚሰበስብ መንግሥት እናስብ፤ ሚሊዮንም ይሁን ቢሊዮን ለስሌቱ አይለውጥም። ደመወዝና ጡረታ 48፣ የዕዳ ክፍያ 22፣ መድኃኒት፣ ቀለብ፣ ነዳጅና ጸጥታ 14፣ ተቋራጮችና አቅራቢዎች 30። ድምሩ 114 ነው፤ በወር 14 ይጎድላል፣ በሦስት ወር 42። በሦስት ወር ውስጥ ሠራተኛ አሰናብቶ ወይም የዕዳ ውል ቀይሮ ገንዘብ ማዳን ስለማይቻል 70ው አይነካም። የቀረው 44 ነው፤ የ44 አሥር በመቶ 4.4 ብቻ። ሰርኩላሩ የጉድለቱን ሲሶ እንኳ አይሸፍንም። መድኃኒቱንና ቀለቡን እንጠብቅ ካልን ደግሞ 14ቱ በሙሉ ከተቋራጮች 30 ይቆረጣል፤ ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ያ ቁጠባ አይባልም፤ ሰው የሠራበትን መከልከል ነው፤ ከነቅጣቱና ከነወለዱ ተመልሶ ይመጣል።

የሚሠራው መንገድ 30ዋን መዘርዘር ነው። በአንድ በኩል ውል ተፈርሞ ቅድመ ክፍያ ያልተለቀቀላቸው፣ አካፋ ያልነካቸው ፕሮጀክቶች ይቀመጡ። እነዚህን ማቆም ብዙ አያስከፍልም፤ ተቋራጩ ማሽን አላጓጓዘም፣ ሠራተኛ አላሰፈረም። በሌላ በኩል መሠረቱ ወጥቶ ግድግዳው የቆመ ሥራ ይቀመጥ። ይህን በመሀል ማቆም ዋጋው ሁለት ጊዜ ነው፦ ቦዝነው ለሚቆሙ ማሽኖች ካሣ ይከፈላል፣ ዝናብ የገባበት ግንብ ደግሞ እንደገና ይሠራል። እንዲህ ያለው ጣሪያ እስኪለብስ ወይም የውሃ መውረጃው እስኪያልቅ ይከፈለውና እዚያ ይቁም። በምሳሌያችን ያልተጀመሩት 8 ናቸው ብንል ጉድለቱ ከ14 ወደ 6 ይወርዳል። በሦስት ወር 18። ይህን 18 መሪው በግልጽ ተናግሮ ይበደረው። «ቁጠባ ብቻውን አይበቃም፤ ይህን ያህል እንበደራለን፣ ተጠያቂውም እኔ ነኝ» ማለት የማይመረጥ ሰው ሥራ ነው።

ብድሩ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ገንዘብ ሚኒስቴሮች ሲጨንቃቸው የሚሸጡት የ91 ቀን የግምጃ ቤት ሰነድ፣ ማለትም በ91 ቀን የሚመለስ የአጭር ጊዜ ብድር ወረቀት፣ ነው፤ ወለዱ አነስ ይላል፣ ባንኮችም ቶሎ ይገዛሉ። በመጨረሻው ወር የተሸጠ የ91 ቀን ሰነድ የሚደርሰው ግን አዲሱ ሚኒስትር ገና የቢሮውን ቁልፍ ሲለምድ ነው። 18ቱ በአንድ ሳምንት ቢደርስበት ሌላውን ሁሉ ጥሎ ገዢ ሲለምን ይከርማል፤ ገዢዎቹም ችግሩን ስለሚያውቁ ወለዱን ይሰቅሉበታል። ስለዚህ በተተኪው የመጀመሪያ ሦስት ወራት ውስጥ ትልቅ ክፍያ እንዳይወድቅ ሰነዶቹ ለ182 ቀንና ለ364 ቀን ተከፋፍለው ይሸጡ። ወለዱ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ያ ተሰናባቹ ሊከፍለው የሚገባ ዋጋ ነው። ከማዕከላዊ ባንክ በቀጥታ መውሰድ የግድ ከሆነም መጠኑ፣ ወለዱና የሚመለስበት ቀን በጽሑፍ ይቀመጥ። ቀን የሌለው ብድር የታተመ ገንዘብ ነው፤ ገበያው ላይ ለመታየት ብዙ አይቆይም።

ሌላው መጥፎ ልማድ የከርሞን ግብር ዘንድሮ መሰብሰብ ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ተጠርተው «ቅድሚያ ክፈሉ፣ ቅናሽ እናደርግላችኋለን» ይባላሉ። የዚህ ዓመት ጉድለት ያማረ ይመስላል፤ ተተኪው የመጀመሪያውን ሩብ ዓመት ያለ ገቢ ይጀምራል፣ ቅናሹም ከሱ ተቆርጧል። ብራዚል እንዲህ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ከልክላለች። በ2000 የወጣው የፊስካል ኃላፊነት ሕግ ገና ያልመነጨን ግብር አስቀድሞ መሰብሰብ አይፈቅድም። በሥልጣን ዘመን የመጨረሻ 180 ቀናት ውስጥ የደመወዝ ወጪ የሚጨምር ውሳኔ ዋጋ አይኖረውም። አንቀጽ 42 ደግሞ በመጨረሻዎቹ ስምንት ወራት፣ በዚያው ዘመን ሙሉ በሙሉ ሊከፈል የማይችልን ግዴታ፣ ወደሚቀጥለው ዓመት ለሚተላለፈው ክፍያም በቂ ገንዘብ ካልተቀመጠለት፣ መግባት ይከለክላል። ይህን የጣሰ ሹም በወንጀል ሕጉ ከ1 እስከ 4 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ላለችው አህያ የተጻፈ ሕግ ነው የሚመስለው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጉድለቱ ስንት እንደሆነ ይታወቃል ብሎ የተነሣ ነው። ዋናው ችግር ያለው እዚያ ነው፤ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ምክንያቱን ለማየት የአንዲት ደረሰኝ ጉዞ ይበቃል። አቅራቢው ዕቃውን ያስረክባል፣ የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ቤት የንብረት ገቢ ደረሰኝ ይቆርጥለታል፣ ደረሰኙ ወደ ሒሳብ ክፍል ይሄዳል፣ የክፍያ ማዘዣ ይዘጋጃል፣ ኃላፊ ይፈርማል፣ ባንክ ይከፍላል። ገንዘብ ሲጠፋ ሰነዱ የሚቆመው በገቢ ደረሰኙና በክፍያ ማዘዣው መካከል ነው። ማዘዣ ስላልተዘጋጀለት ኮምፒዩተሩ ላይ የለም፤ ስለሌለም ዕዳ አይባልም። ያለው በሒሳብ ሠራተኛው መሳቢያ ውስጥ፣ በላስቲክ ታስሮ ነው። ሒሳቡን በጥሬ ገንዘብ መሠረት የሚይዝ፣ ማለትም ወጪን ሲከፈል ብቻ የሚመዘግብ መንግሥት በዚህ መንገድ ጉድለቱን ሳይዋሽ መደበቅ ይችላል፤ ሪፖርቱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ትክክል ነው፣ የጎደለው ያልተጻፈው ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ይህ ነው።

ግሪክ በ2009 የደረሰባት ትምህርት ይሆናል። የዓመቱ ጉድለት ከአገሪቱ ምርት 3.7 በመቶ ይሆናል ተብሎ ሪፖርት ተደርጎ ነበር። ኦክቶበር 4 ቀን ምርጫ ተካሄደ፣ መንግሥት ተቀየረ፣ በዚያው ወር ቁጥሩ 12.5 በመቶ ሆኖ ወጣ። ኋላ ሲጣራ ከ15 በመቶ አለፈ። ሳይመዘገቡ ከቀሩት መካከል የሆስፒታሎች ያልተከፈለ ዕዳ ይገኝበት ነበር። ጉድለቱ ራሱ ከባድ ነበር፤ አበዳሪዎችን ያሸሸው ግን በወራት ውስጥ ከሦስት እጥፍ በላይ የሆነ ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ቁጥር ቢነገራቸው አላመኑም።

መሳቢያውን ማስከፈት ቀላል አይደለም፤ ያከማቹት ሰዎች ናቸው የሚጠየቁት። መሥሪያ ቤቶቹን ብቻ ጠይቆ የተሳካለት ብዙ የለም። የሚሠራው ከሁለት በኩል መጠየቅ ነው። መሥሪያ ቤቶች በ10 ቀን ውስጥ ማዘዣ ያልተቆረጠላቸውን ደረሰኞች በሙሉ ያሳውቁ፤ በዚያው ሳምንት አቅራቢዎችም በማስታወቂያ ይጠሩና ያልተከፈላቸውን ከነደረሰኙ ቅጂ ያስመዝግቡ። ሁለቱ ዝርዝሮች ሲገጣጠሙ በአንዱ ላይ ብቻ ያለው ይለያል። በአቅራቢው ዝርዝር ብቻ የተገኘው ወይ የተደበቀ ዕዳ ነው ወይ የሐሰት ጥያቄ፤ ሁለቱም ኦዲተር ይፈልጋሉ። ከዚያ ውዝፉ በዕድሜው ይደረደር፦ እስከ 30 ቀን፣ እስከ 60፣ እስከ 90፣ ከዚያ በላይ። አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር የሚበዙት ትንንሾቹ ደረሰኞች ናቸው፤ በገንዘብ ግን ጥቂት ናቸው። እነሱን አስቀድሞ መክፈል በትንሽ ገንዘብ ብዙ ሱቅ ከመዘጋት ያድናል። ዕዳ ደብቆ የተገኘ መሥሪያ ቤት እስኪያጣራ ድረስ አዲስ የግዢ ትዕዛዝ አይፈቀድለት።

ይህ ሁሉ ሥራ ተሰናባቹን ያስወቅሰዋል፤ ገመናውን በገዛ እጁ መግለጥ ነውና። ሆኖም ተተኪው ቢያወጣው ወቀሳው አይቀርም፣ ውሸት ተብሎም ይጨመርበታል።

ያለውን በማስቀጠልና አዲስ ነገር በመወሰን መካከል ያለው ድንበር የት ነው ለሚል ፈረንሳይ በ2024 መጨረሻ ያደረገችው ጥሩ መልስ ነው። የሚሼል ባርኒዬ መንግሥት ዲሴምበር 4 ቀን በመተማመኛ ድምፅ ወደቀ፤ የሚቀጥለው ዓመት በጀት አልጸደቀም ነበር። የወደቀው መንግሥት ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ዲሴምበር 11 ቀን «ልዩ ሕግ» የሚባል ረቂቅ አቀረበ። ይዘቱ ሦስት ነገር ብቻ ነበር፦ ያሉት ግብሮች መሰብሰባቸው ይቀጥል፣ መንግሥት ይበደር፣ የማኅበራዊ ዋስትና ተቋማትም ይበደሩ። በታችኛው ምክር ቤት አንድም ተቃውሞ አልገጠመውም፤ ዲሴምበር 20 ቀን ታወጀ። የሚገርመው ያልገባበት ነገር ነው። አንዳንድ የምክር ቤት አባላት የገቢ ግብር እርከኖች በዋጋ ንረት ልክ እንዲስተካከሉ ፈልገው ነበር፤ ሕዝብ የሚወደው ነገር ነው። የመንግሥት የሕግ አማካሪ የሆነው ምክር ቤት ግን ይህ ግብርን መለወጥ እንጂ ማስቀጠል አይደለምና በልዩ ሕጉ ሊገባ አይችልም አለ። መለኪያው ይኸው ነው፦ ያለውን ማስቀጠል የተሰናባቹ፣ መለወጥ የመጪው። ሙሉው በጀት በአዲሱ መንግሥት ዘመን ፌብሩዋሪ 2025 ወጣ።

እንቢ ባይነትም የራሱ ዋጋ አለው። ኒውዚላንድ ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ማልዱን ጁላይ 14 ቀን 1984 ምርጫ ተሸነፉ። የገንዘቡ ምንዛሪ ይወርዳል ተብሎ የውጭ ምንዛሪ ክምችቱ እየተራገፈ ነበር፤ ማዕከላዊ ባንኩ በማግስቱ የምንዛሪ ገበያውን ዘጋ። ተመራጩ ዴቪድ ላንጊ ምንዛሪው እንዲወርድ ጠየቁ፤ በሕግ ገና በሥልጣን ላይ የነበሩት ማልዱን እንቢ አሉ። በመጨረሻ የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች ተጫኗቸውና ጁላይ 18 ቀን ምንዛሪው በ20 በመቶ ወረደ። ለቀናት አገሪቱ መሪ ሁለት፣ ውሳኔ ዜሮ ነበራት። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ተብራራ፦ ተተኪው ከታወቀ በኋላ አጣዳፊ ጉዳይ ከመጣ ተሰናባቹ የተተኪውን ምክር ይፈጽማል።

ይህ ደንብ ቀደም ብዬ ላልኩት ነገር ልዩ ሁኔታውንም ያሳያል። ተተኪው በግልጽ ከጠየቀ ተሰናባቹ ትልቅ ነገር ማድረግ ይችላል። ጃንዋሪ 12 ቀን 2009 ጆርጅ ቡሽ ለፋይናንስ ማዳኛ ከተፈቀደው ገንዘብ ሁለተኛውን 350 ቢሊዮን ዶላር ከኮንግረሱ የጠየቁት በተመራጩ ባራክ ኦባማ ጥያቄ ነበር። ጀርመን ውስጥም ማርች 18 ቀን 2025 ጊዜው ሊያልቅ ሳምንት የቀረው ምክር ቤት የ500 ቢሊዮን ዩሮ ፈንድ የሚያቋቁም የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ513 ድምፅ አሳለፈ። አጥብቀው የፈለጉት መራሔ መንግሥት ለመሆን የሚጠባበቁት ፍሬድሪክ ሜርዝ ነበሩ። ብዙዎች ነውር ነው ብለው ተቃውመዋል፤ ቅሬታው ይገባኛል። ቢሆንም ሒሳቡን የሚከፍለው ሰው ራሱ ስለጠየቀ ከማልዱን እንቢታ እለየዋለሁ።

የቀረው ርክክቡ ነው። በ2010 የብሪታንያ ግምጃ ቤት ተሰናባች ሚኒስትር ሊያም በርን ለተተኪያቸው ገንዘብ እንዳለቀ የምትናገር አንዲት መስመር የቀልድ ማስታወሻ ጠረጴዛ ላይ ትተው ሄዱ። ተቀናቃኞቻቸው ከአምስት ዓመት በኋላም በምርጫ ቅስቀሳ ላይ ወረቀቷን እያውለበለቡ ነበር። ቀልዱ ቀርቶ ሊተው የሚገባው ሰነድ እነዚህን ይይዛል፦ የሁሉም የባንክ ሒሳቦች ቀሪ፣ የመንግሥት ገንዘብ በአንድ ላይ ከሚያዝበት ከተጠቃለለው የግምጃ ቤት ሒሳብ ውጭ ያሉትንም ጨምሮ፤ ውዝፍ ዕዳ በዕድሜው፤ የዕዳ መክፈያ ቀኖች በየሳምንቱ፤ መንግሥት ለልማት ድርጅቶች የገባው ዋስትና፤ የተፈረደበት ግን ያልከፈለው የፍርድ ቤት ካሣ፤ ከዓመት በላይ የሚዘልቁ ውሎች፤ የ13 ሳምንት የጥሬ ገንዘብ ትንበያ። ሰነዱ በተሰናባቹና በተተኪው መካከል በጓዳ ከተሰጠ አንዱ «ሰጠሁ» ሌላው «አልተነገረኝም» ማለታቸው አይቀርም፤ ለሕዝብ ይውጣ። ኒውዚላንድ ከምርጫ በፊት ከ30 እስከ 20 የሥራ ቀናት ባለው ጊዜ የመንግሥት ሒሳብ እንዲገለጥ በሕግ ታስገድዳለች። አውስትራሊያ የምርጫ ማዘዣ ከወጣ በ10 ቀን ውስጥ ታወጣዋለች፤ እዚያ ሰነዱን የሚያዘጋጁትና የሚፈርሙት ሚኒስትሮች ሳይሆኑ የግምጃ ቤቱና የፋይናንስ መሥሪያ ቤቱ ዋና ጸሐፊዎች ናቸው። ይሄኛው ይሻላል እላለሁ፤ ባለሙያው ከምርጫው በኋላም በዚያው ወንበር ስለሚገኝ ሊጠየቅ ይችላል።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ክፍያ የሚወጣው በተመዘገበ ፊርማ ነው። ሚኒስትሩ በሄደበት ቀን ፊርማው ይሞታል፤ የአዲሱ ፊርማ ናሙና ደብዳቤ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶ፣ ማዕከላዊ ባንክ ደርሶ እስኪጸድቅ ቀናት ያልፋሉ። ያ ከደመወዝ ቀን ጋር ከተጋጠመ ካዝናው ገንዘብ ኖሮት ደመወዝ ይዘገያል፣ ወሬውም «መንግሥት ከሰረ» ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የፊርማ ናሙናው ከርክክቡ ከሁለት ሳምንት በፊት ተሞልቶ፣ ሹመቱ በጸና ሰዓት እንዲሠራ ሆኖ ባንኩ ዘንድ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ወር የደመወዝ ክፍያ ማዘዣም በቋሚ ኃላፊዎች ፊርማ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ